ሁለት ስድቦች በአንድ ቀን

ባለፈው ሳምንት ጅማ ውስጥ ሂርማታ ገበያ አጠገብ መንገድ ስሻገር አንድ የባጃጅ ሾፌር ፍሬን ይዞ፣ አንገቱን አውጥቶ «ዓይንህን የት ጥለኸው ነው፣ ደነዝ!» ሲል ጮኸብኝ። ሳቄ መጣና አልፌ ሄድኩ። በዚያው ዕለት ከሰዓት በኋላ ግን፣ ሂሳብ በምይዝበት የቡና መጋዘን ውስጥ፣ ስድብ መሆኑ እንኳ በሚያጠራጥር ንግግር መዝገቡን ወርውሬ ወጣሁ።

ሚዛን ላይ የሚሠሩት አዛውንት 187 ኪሎ ጀንፈል፣ ማለትም ከነገለባው የደረቀ ቡና፣ መዝነው ነገሩኝ። አንድ ፈረሱላ 17 ኪሎ ስለሆነ 11 ብዬ መጻፍ ሲገባኝ 12 ጻፍኩ። መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው፣ ቁጥሩን በጥፍራቸው ነካ እያደረጉ «ልጄ፣ ይህ እኮ የስድስተኛ ክፍል ሂሳብ ነው» አሉኝ። ጆሮዬ ጋለ። በአባቴ ዕድሜ ያሉትን ሰው «አንተ ማን ነህና!» አልኳቸው።

ዩኒቨርሲቲ ገብቼ በሁለተኛው ዓመት ማቋረጤን በመጋዘኑ ለማንም ነግሬ አላውቅም። ማታ ማታ ራሴን የምሰድብበትን ቃል እሳቸው የሰሙብኝ መሰለኝ፤ የባጃጁ ሾፌር ስድብ የሚያርፍበት ቦታ ሲያጣ፣ የእሳቸው ንግግር ግን በቁስል ላይ እንጨት ሆነ። «ሆድ ለባሰው ማጭድ አታውሰው» ይባላል፤ እኔ ግን ማጭዱን ከቤቴ ይዤው ነበር የገባሁት።

ክላውድ ስቲል የተባለው የሥነ ልቦና ምሁር እ.ኤ.አ. በ1988 ባቀረበው ሐሳብ መሠረት፣ ሰው በአንድ በኩል ክብሩ ሲነካ በሌላ የሕይወቱ ዘርፍ ዋጋ እንዳለው ካስታወሰ፣ ራሱን ለመከላከል ያን ያህል አይጣደፍም። የዕድራችንን ገንዘብ ሳንቲም ሳይጎድል ባስረከብኩበት ቀን ቢሆን ኖሮ፣ «ልክ ነዎት» ብዬ ሰርዤ በጻፍኩ ነበር ብዬ እገምታለሁ። (ሸክላ ሠሪንና ቆዳ ፋቂን በሙያቸው ማዋረድን ግን ከዚህ ጋር አልደምረውም፤ እዚያ ጥፋቱ የተሰዳቢው ሆደ ባሻነት ሳይሆን የተሳዳቢው ነው።)

በማግስቱ ይቅርታ ልጠይቅ ስገባ አዛውንቱ ኬሻ እየሰፉ ነበር። ንግግሬን ሳልጨርስ፣ መርፌውን ከአፋቸው አውጥተው፦

«ስድስተኛ ክፍል ያልኩት እኮ፣ ልጄ፣ እኔ ያቆምኩት እዚያ ላይ ስለሆነ ነው» አሉኝ።