ዳኛው ሲበቀል

ስለ በቀል ተውኔት ሲወራ ሰው ሁሉ ሐምሌትን ይጠራል። የእኔ ልብ ግን ሰሞኑን የእንግሊዛዊው ጸሐፌ ተውኔት የቶማስ ኪድ «ዘ ስፓኒሽ ትራጀዲ» ላይ ቀርቷል። ከሐምሌት የሚቀድም፣ እንደ አውሮፓውያኑ በ1592 ግድም የታተመ ተውኔት ነው።

ሄሮኒሞ የስፔን ቤተ መንግሥት ዳኛ ነው። አንድ ሌሊት ጩኸት ሰምቶ በሌሊት ልብሱ ወደ አትክልት ቦታው ይወጣል። የተሰቀለ ሰው ያያል። ቆርጦ ሲያወርደው ልጁ ሆራሽዮ ነው። ገዳዮቹ ደግሞ የንጉሡ ወንድም ልጅ ሎሬንዞና የፖርቱጋሉ ልዑል ባልታዛር ናቸው። ደሙን ሳይመልስ ልጁን ላይቀብር ይምላል።

ለሰው ሲፈርድ የኖረ ሰው ለራሱ የሚፈርድለት አጣ። ለንጉሡ አቤት ሊል ሲሞክር ሎሬንዞ መሐል እየገባ ያከሽፍበታል። በቀል የእግዚአብሔር መሆኑን አጥቶት አይደለም፤ ራሱ መድረክ ላይ ይጠቅሰዋል። ወዲያው ግን የጥንቱን ሮማዊ ፈላስፋና ጸሐፌ ተውኔት ሴኔካን ጠቅሶ ሐሳቡን ይገለብጠዋል።

ከሁሉም ያልለቀቀኝ የባለጉዳዮቹ ትዕይንት ነው። ልጁ የተገደለበት አንድ ሽማግሌ ማመልከቻ ይዞ ይመጣል። ሄሮኒሞ እንባውን እንዲጠርግበት መሐረብ ሲያወጣለት፣ በሆራሽዮ ደም የተነከረው ይወጣል። ከዚያ የባለጉዳዮቹን ወረቀት በጥርሱ ይቦጫጭቀዋል። አንዱ «ኧረ ውሌን!» ይላል። ያስቃልም፣ ያማልም። የእነዚህ ሰዎች ጉዳይ የት ደረሰ? ማንም አይነግረንም።

በቀሉ የሚፈጸመው በቴአትር ውስጥ ቴአትር ተደርጎ ነው። ተመልካቹ ንጉሥ እያጨበጨበ፣ የሚወድቁት ሰዎች የምር ይሞታሉ። እስከዚህ ድረስ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ከሄሮኒሞ ጋር ነበርኩ። ቀጥሎ ግን ብዕር መቅረጫ ቢላዋ ይጠይቅና የሎሬንዞን አባት ይወጋዋል። ይህ ሰው ምን አደረገ? ልጁን ገሥጾ፣ ከሄሮኒሞ ጋር ሊያስታርቀው የደከመ ሰው ነው። ኪድ ይህን የጻፈው አውቆ ይመስለኛል። ደም ከዳኛ እጅ ሲወጣ ልክ የለውም።

በዘመኑ የግል በቀል በሕግም በቤተ ክርስቲያንም የተወገዘ ነበር። ሕዝቡ ግን ተውኔቱን እጅግ ወደደው።

ሁሉንም ከዳር ሆኖ የሚያይ አንድሪያ የሚባል የሟች መንፈስ አለ። በመጨረሻ ሟቾቹን ይቆጥራል። ወዳጁ ሆራሽዮም ፍቅረኛው ቤል-ኢምፔሪያም አሉበት። ነፍሴ በዚህ ትርኢት ደስ አላት ይላል። ይህችን መስመር ጎበዝ ተዋናይ እንዴት እንደሚላት በጣም ማየት እፈልጋለሁ።