ጣት ሲነካው የሚለቅ ቀን

ከሌሊቱ 9 ሰአት ገደማ ነበር፣ ሱሉልታ፣ የጥቅምት ብርድ። ኮንቬየሩ ላይ ከሚያልፉት የውሃ ጠርሙሶች አንዱን አነሳሁና ሁሌም እንደማደርገው ኤክስፓየሪ ዴቱን በአውራ ጣቴ አሸት ሳደርገው ጣቴ ጠቆረ። ጠርሙሱ ላይ የቀረው ግራጫ ጭረት ብቻ ነው። ቀኑም የለ፣ ባች ነምበሩም (የምርት ዙሩ ቁጥር) የለ። መስመሩን አስቆምኩት።

ቀን የሚያትመው ማሽን ላይ የነበረውን ልጅ ስጠይቀው ፈራ ተባ እያለ "ጋሼ፣ ሜክአፑ አልቆ ቲነር ነው የጨመርንበት" አለኝ። ልጁ ላይ አልፈረድኩም። ሜክአፕ፣ ማለትም የማተሚያው ቀለም ሲወፍር የምንጨምርበት ፈሳሽ፣ ከውጭ ነው የሚመጣው፣ ዶላር እስኪገኝ ይጠበቃል፣ ምርት ግን አይቆምም፣ ደሞ ሁለቱም ይሸታሉ፣ ሁለቱም ቀለም ያቀጥናሉ፣ ማንም ልዩነቱን ቁጭ አድርጎ አላስረዳውም። ስለዚህ እኔ እዚህ ልፃፈው።

ቀን የምናትምበት ቀለም በብዛት ሶልቨንቱ (የሚያሟሟው ፈሳሽ) ሜቲል ኢቲል ኬቶን ነው፣ እኛ ኤምኢኬ የምንለው። ጠርሙሱ ላይ ባረፈ በአንድ ሁለት ሰከንድ ውስጥ ይተንና ቀለሙንና እንደ ሙጫ የሚይዘውን ሬዚን ትቶ ይሄዳል፣ ለዛ ነው መስመሩ እየሮጠም ፅሁፉ የማይበላሸው። ማሽኑ ቀለሙን የሰው ፀጉር ውፍረት በምታክል ቀዳዳ እየገፋ በሰከንድ በአስር ሺዎች የሚቆጠር ነጠብጣብ ያደርገዋል፣ የሚፈለጉት ነጠብጣቦች በኤሌክትሪክ ቻርጅ ይደረጉና ሀይ ቮልቴጅ ባላቸው ፕሌቶች መሀል ሲያልፉ እንደ ቻርጃቸው መጠን ይታጠፋሉ፣ ቻርጅ ያልተደረገው ቀጥ ብሎ ጋተር (የትርፉ ቀለም መሰብሰቢያ) ውስጥ ይገባና ወደ ታንኩ ይመለሳል። ሲመላለስ ሶልቨንቱ እየተነነ ቀለሙ ይወፍራል፣ ሜክአፕ የሚጨመረው ያንን ለመተካት ነው።

ቲነር ግን የተለያየ ሶልቨንት ድብልቅ ነው፣ ከየቀለም ቤቱ የሚገዛው አንዱ ካንዱ አይመሳሰልም። ከቀለማችን ጋር ሲደባለቅ ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ አቅሙ ይቀየራል፣ ነጠብጣቡ የሚገባውን ቻርጅ አይዝም፣ ፊደሉ ይወላገዳል። ሬዚኑም በደንብ ካልሟሟ ፕላስቲኩን አይጨብጥም። የፓምፕና የቫልቭ ጎማዎቹንም ሊያሳብጥ ይችላል። የዛን ሌሊት ሲስተሙን አጥበን፣ ሁለት ፓሌት ጠርሙስ አንድ በአንድ እየጠረግን እንደገና ቀን ስናትም ጠዋት 2 ሰአት ሆነ። ቀኑ የጠፋ ውሃ ሱቅ ቢደርስ ገዢው ምን አይቶ ያምናል? ችግር ተገኝቶ ምርቱ ይሰብሰብ ቢባልስ ባች ነምበር ከሌለው የትኛው ነው የሚሰበሰበው?

የሚመለስ የብርጭቆ ጠርሙስ ላይ የምትሰሩ ደሞ ጉዳያችሁ ሌላ ነው። እዛ ቀለሙ ሁለት ተቃራኒ ነገር ይፈለግበታል፣ ቀዝቃዛው ጠርሙስ ላብ ሲያወጣ መልቀቅ የለበትም፣ ተመልሶ በትኩስ ኮስቲክ ሶዳ ሲታጠብ ግን ሙልጭ ብሎ መልቀቅ አለበት። ለዚህ የተሰራ ቀለም አለ፣ የፕላስቲኩን ወስዳችሁ አትጠቀሙበት። ከፕሪንት ሄዱ (ቀለሙን ከሚረጨው ክፍል) በፊት አየር ነፍቶ እርጥበቱን የሚያደርቅ ነገር ከሌለም ጥሩ ቀለም ብትገዙም በደንብ ላይይዝ ይችላል።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ግን ሰራተኛው ነው። እጃቸው ላይ የፈሰሰውን ቀለም በዛው በሜክአፕ የሚታጠቡ ልጆች አያለሁ፣ ቆዳቸው ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ኤምኢኬ ከዜሮ ዲግሪ በታች እንኳን የሚቀጣጠል ትነት ይሰጣል፣ ትነቱ ከአየር ስለሚከብድ ወለል ለወለል ይሄዳል፣ ራቅ ያለ ብልጭታ ሊያገኘው ይችላል። ፕሪንት ሄድ የሚታጠብበት እቃ ብረት ይሁን፣ ከማሽኑ ጋር ኤርዝ ይደረግ (በሽቦ ከመሬት ጋር ይያያዝ)፣ ስታቲክ (እቃ ላይ ተጠራቅሞ ብልጭ የሚል ኤሌክትሪክ) ቀላል ነገር አይደለም። በሩና መስኮቱ ብርድ ነው ተብሎ አይዘጋ። ራስ ምታት የያዘው ልጅ "ለምጄዋለሁ" ቢላችሁ ውጭ አውጡት፣ አየር ይውሰድ።

እኛ ጋ አሁን የሜክአፕ ካርቶን ሁለት ሲቀር ለግዢ ክፍል የሚላክ ወረቀት ማሽኑ ጎን ለጥፈናል። ያ ልጅ ነው የሚሞላው፣ ፈረቃ ሲያስረክብም በየሰአቱ አሽቶ ያየበትን ጠርሙስ አስቀምጦ ያሳየኛል።