የአባዬን ኤምአርአይ በላፕቶፔ ልመረምር ስል

አባዬ ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ በሚባለው ሰፈራችን የእድር ጸሐፊ ነው። ፓርኪንሰን (እጅ የሚያንቀጠቅጥ፣ እንቅስቃሴ የሚያዘገይ የአንጎል በሽታ) ይሆን ብዬ መጀመሪያ የጠረጠርኩት መዝገቡን ሳገላብጥ ነው፣ ያ ደማቅ የእጅ ጽሁፉ እያነሰ እያነሰ መጥቶ መጨረሻው ገጽ ላይ ጉንዳን የሄደበት መስሏል። ቡና ሲቆላ አይሸተኝም ማለት ከጀመረማ ቆይቷል፣ ጉንፋን ነው ብለን አልፈነው። ቀኝ እጁ ዝም ብሎ ሲቀመጥ ይንቀጠቀጣል፣ ስኒ ሲያነሳ ደግሞ ይተወዋል።

የአንጎል ኤምአርአይ (በማግኔት የሚነሳ ምስል) ተነሳና ሲዲ ሰጡን። ሪፖርቱ ለእድሜው ምንም አይል ይላል። እኔ ደግሞ ኮምፒውተር ተምሬ የለ፣ ራሴ ልየው አልኩ (ድፍረቴ!)። ላፕቶፔ ሲዲ ስለማይወስድ ፖሊ (የዩኒቨርሲቲው ግቢ) ጋ ያለ ፎቶኮፒ ቤት በፍላሽ ገለበጡልኝ፣ ስሪዲ ስላይሰር የሚባል የህክምና ምስል መክፈቻ ፕሮግራም አወረድኩ፣ ነጻ ነው፣ ግን ለምርምር እንጂ ለህክምና አልተፈቀደም፣ እኔም አንብቤ አለፍኩት። ሙሉውን ፎልደር ገልብጡ፣ እኔ መጀመሪያ ማሳያ ፕሮግራሙን ብቻ ይዤ መጥቼ ተመልሼ ሄጃለሁ።

ከዛ ፍሪሰርፈር የሚባለውን ሞከርኩ፣ የአንጎልን ክፍል ለየብቻ ለክቶ ይሰጣል፣ ሰአታት ይፈጃል። ሁለቴ መብራት ሄደብኝ። በሦስተኛው ሲያልቅ ውጤቱ የማይረባ፣ ለካ እሱ የሚፈልገው 1 ሚሊሜትር አካባቢ ቀጭን ስላይስ (አንጎሉን እንደ ዳቦ ቆራርጦ የሚያሳየው እያንዳንዱ ምስል) ነው፣ የአባዬ 5 ነው። ፋይሉ ላይ ተጽፎ ነበር፣ ቀድሜ ባየው ሦስት ሌሊት ይተርፈኝ ነበር።

ትልቁ ስህተቴ ግን ሌላ ነው። አንጎል ውስጥ ያሉት የፈሳሽ ክፍተቶች ሰፋ ብለው ታዩኝ። እዛ ፈሳሽ የተጠራቀመበት ሰውም እግሩን እየጎተተ ይሄዳል፣ ከፓርኪንሰን ጋር ይምታታል፣ እሱ ደግሞ በቀዶ ህክምና ሊሻለው ይችላል። ኢቫንስ ኢንዴክስ የሚባል ልኬት አለ፣ የፊተኞቹ ክፍተቶች ስፋት ለራስ ቅሉ የውስጥ ስፋት ይካፈላል፣ ከ0.3 ካለፈ ሰፍቷል ነው። እኔ 0.35 አገኘሁ! እማዬን በሌሊት ቀስቅሼ ነገርኳት፣ እልል ልትል ምንም አልቀራት።

ኒውሮሎጂስቷ (የአንጎልና የነርቭ ሐኪሟ) አየችውና "የራስ ቅሉን የቱ ስላይስ ላይ ነው የለካኸው?" አለችኝ። ከፍ ብዬ፣ ጭንቅላቱ የሚጠብበት ጋ ለክቼዋለሁ። እሷ ሁለቱንም በአንድ ስላይስ ላይ ስትለካቸው 0.28። ደርቄ ቀረሁ።

ከዛ "አባቴ እስቲ እዚህ ኮሪደሩ ላይ ይራመዱልኝ" አለችው፣ ቀኝ እጁ አይወዛወዝም። ተራ ኤምአርአይ በአብዛኛው ፓርኪንሰንን አያሳይም፣ የሚነሳው ሌላ በሽታ እንዳይሆን ነው አለችን። ዳትስካን የሚባል ሌላ የአንጎል ምስል አለ፣ አሜሪካ ውስጥ በ2011 እንደ ፈረንጆቹ የተፈቀደ፣ ዶፓሚን (እንቅስቃሴን የሚያግዝ የአንጎል ኬሚካል) የሚያመነጩት ነርቮች ያሉበትን ቦታ ያበራል፣ የጤነኛው የእንግሊዝኛ ኮማ ይመስላል፣ የታመመው ጭራው ጠፍቶ ነጥብ ይሆናል። እሱም ቢሆን ፓርኪንሰንን ከሚመስሉት ሌሎች በሽታዎች ሁሉ አይለይም።

ከፋይሎቼ ሁሉ የጠቀማት ስልኬ ላይ የነበረው ነው፣ አባዬ ጣና ዳር ሲራመድ የቀረጽኩት ቪዲዮና የእድሩ መዝገብ ፎቶ፣ የአምናና የዘንድሮ ጎን ለጎን።

ሌቮዶፓ የሚባለውን የፓርኪንሰን መድሃኒት ጀምሯል። የዚህን ወር ቃለ ጉባኤ ሳላጎላው አነበብኩት። ቡናው ግን አሁንም አይሸተውም።