ከአዲስ አበባ ዳርቻ ከቱሉ ዲምቱ ሆኜ የሥራ ቪዛ አማራጮችን የለየሁበት መንገድ

መጀመሪያ የጠየቅኩት «የትኛው አገር ይሻላል?» ብዬ አይደለም። ቪዛውን የሚያስጀምረው ማን ነው? ወጪውስ የማን ነው? ብዬ ነው።

ወደ ዓረብ አገር ሲሆን የሚያስጀምረው አሠሪው ነው። በአዋጅ ቁጥር 923/2008 መሠረት የመግቢያ ቪዛ፣ የደርሶ መልስ ትራንስፖርት፣ የሥራና የመኖሪያ ፈቃድ፣ የመድን ወጪ የአሠሪው ነው፤ ፓስፖርት፣ የጤና ምርመራ፣ ከወንጀል ነፃ ማስረጃና የብቃት ምዘና የሠራተኛው። ስለዚህ ደላላ «ለቪዛው» ብሎ ብር ሲጠይቅ እዚያው መተው ነው። በጉብኝት ቪዛ ሂድና እዚያ ይቀየርልሃል የሚለውንም አልሰማሁም፤ ጣጣው ለሠራተኛው ነው የሚተርፈው።

ብሪታኒያ ፈቃድ ያለው ቀጣሪ የሚሰጠውን የስፖንሰርነት ማረጋገጫ ትጠይቃለች። ፈቃድ ያላቸውን ድርጅቶች ዝርዝር መንግሥቱ ራሱ በድረ ገጹ ስላወጣው ስማቸውን ፈልጎ ማየት ይቻላል። ለተንከባካቢ (ኬር) ሠራተኞች ግን ከውጭ መቅጠር እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 22 ቀን 2025 ጀምሮ ቆሟል። ዛሬም «የኬር ቪዛ አለኝ» የሚል ካለ የሚሸጠው የሌለ ነገር ነው።

እኔ የመረጥኩት ጀርመንን ነው። ብሉ ካርድ የሚባለው ለተማሩ ሠራተኞች የሚሰጥ ፈቃድ የሥራ ውልና የተወሰነ ደመወዝ ይፈልጋል። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2024 የተጀመረው የዕድል ካርድ ግን ያለ ውል ሥራ ለመፈለግ ያስገባል፦ በትምህርት፣ በልምድ፣ በቋንቋና በመሳሰሉት ከሚሰጠው ቢያንስ 6 ነጥብ፣ ጀርመንኛ ኤ1 (የጀማሪ ደረጃ) ወይም እንግሊዝኛ ቢ2 (ከመካከለኛ በላይ)፣ መተዳደሪያ ገንዘብ (በ2025 በወር 1,091 ዩሮ)። ዲግሪን አናቢን በሚባለው የጀርመን የውጭ ዲግሪዎች መዝገብ ላይ ፈልጉት፤ ከሌለ ከጀርመን ዲግሪ ጋር የሚያነጻጽረው ማረጋገጫ 208 ዩሮ ያስከፍላል።

ብዙ ሰው የሚሰናከለው ግን ወረቀቱ ላይ ነው። የልደት ቀን ሲቀየር ሁሌ 8 ዓመት መደመር ስሕተት ነው፤ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 (ጳጉሜን 6 ቀን ከሆነች በኋላ ባለው ዓመት እስከ 21) ለተወለደ የሚደመረው 7 ነው። ኅዳር 12 ቀን 1990 ማለት ኖቬምበር 21 ቀን 1997 ነው። የእኔ የልደት ሰርተፍኬት 1998 ብሎ ወጥቶ ከፓስፖርቴ ጋር ተጋጨ። ስምም እንዲሁ፦ «ፀሐይ» አንዱ ጋ በ«ቲ»፣ ሌላው ጋ በ«ቲ ኤስ» ከተጻፈች ሁለት ሰው ናት። ፓስፖርቱን መነሻ አድርጎ ሌላውን ሁሉ በሱ ፊደል ማስጻፍ ነው። ሰርተፍኬቱን ከመስኮቱ ሳትርቁ አንብቡት፤ ከዚህ ዳርቻ ለአንዲት ፊደል ዳግመኛ መመላለስ ሙሉ ቀን ይበላል። ጠዋት 2፡30 ላይ መድረስም ይረዳል፤ ከሰዓት «ሲስተም የለም» ይበዛል።

የሰነድ ማረጋገጫ ማኅተሙ ከታች ወደ ላይ ነው፦ ትምህርት ማስረጃ መጀመሪያ በትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን፣ ቀጥሎ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር፣ መጨረሻ ኤምባሲ በሚጠይቀው መሠረት። ከመሄዴ በፊት ለእህቴ በሰነዶች ማረጋገጫ ውክልና ሰጠሁ፤ ውጭ ሆኖ ውክልና መላክ በኤምባሲ በኩል ዞሮ ነው የሚመጣው።