አክስቴና የታይሮይድ ምርመራ

ዛሬ እዚህ አዳማ አክስቴን ለታይሮይድ ምርመራ ወሰድኳት። «አንገቴ ላይ እንቅርት የለ፣ ለምን በመርፌ ታስወጋኛለህ?» እያለች መንገዱን ሙሉ ተቆጣችኝ። ታይሮይድ የሚባለው የአንገት ዕጢ ግን ሳያብጥም ሊደክም ይችላል። ድካሙን፣ ብርድ ብርድ ማለቱን፣ የቆዳውን መድረቅ በዕድሜ ማሳበብ ለምዶብናል።

መጀመሪያ የሚለካው ቲኤስኤች ከታይሮይድ ሳይሆን ከአንጎል ሥር ካለች ትንሽ ዕጢ የሚመነጭ ሆርሞን ነው። ታይሮይድ ሲሰንፍ እሷ ትእዛዟን ታበዛለች፤ ስለዚህ የቲኤስኤች ከፍ ማለት አብዛኛውን ጊዜ የታይሮይድ ሥራ መቀነሱን ይጠቁማል። ባለሙያዋ ለፀጉር የሚወሰድ የባዮቲን ክኒን ትወስድ እንደሆነ መጠየቋን ወደድኩላት፤ ውጤቱን ሊያዛባ ይችላልና።

ወረፋ ላይ አጠገባችን የተቀመጡ አባት የእንቅርትን ጥፋት ሁሉ በውሃው ላይ ጫኑት። በእርግጥ የስምጥ ሸለቆ ከርሰ ምድር ውሃ ፍሎራይድ ጥርስ እንደሚያበልዝ ማን ያጣዋል? ለእንቅርት ግን ቀድሞ የሚጠረጠረው የአዮዲን እጥረት ነው። ዝናብና ጎርፍ አዮዲኑን ከደጋው አፈር አጥበው ይወስዱታል። ለአዋቂ ሰው በቀን የሚያስፈልገው 150 ማይክሮ ግራም ብቻ ነው፤ እሱንም ጨው ውስጥ ተጨምሮልን በሙቀትና በእርጥበት እናባክነዋለን። የአክስቴ ጨው የሚቀመጠው ምድጃው አጠገብ፣ ክዳን በሌለው ጣሳ ነው!

ውጤቱ ነገ ይደርሳል። እሷን ያሳሰባት ግን ክዳን ያለው ዕቃ ማን ይገዛልኛል የሚለው ነው።