የአያቴ ወፍጮና ቬስታ፦ ከሰማይ ጥናቴ የደረስኩበት

ባለፈው ማስታወሻዬ አስትሮይዶችን፣ ማለትም ፀሐይን የሚዞሩትን ትናንሽ ድንጋያማ አካላት፣ «የፕላኔት ፍርስራሽ» ብያቸው ነበር። እርማት አለኝ፤ ብዙዎቹ ፕላኔት ለመሆን ጀምረው በመንገድ የቀሩ ናቸው።

ለዚህ ያበቃችኝ ቬስታ የተባለችው አስትሮይድ ናት። በ2016 ዓ.ም. ታኅሣሥ፣ ደሴ ግቢያችን ውስጥ ሆኜ ኦሪዮን የተባለው የከዋክብት ስብስብ አጠገብ ፈለግኋት። በባይኖኩላር የታዩኝን ነጥቦች ሁሉ በእርሳስ ደብተሬ ላይ ነቆጥኩ። ከጦሳ ተራራ የሚወርደው ብርድ ጣት ያደነዝዛል፤ ባይኖኩላሩን አጥር ላይ ካላስደገፉት ነጥቦቹ ይንቀጠቀጣሉ። በአራተኛው ሌሊት አንዷ ነጥብ ከጨረቃ ስፋት በለጥ ባለ ርቀት ወደ ምዕራብ ፈቀቅ ብላ አገኘኋት። ሌሎቹ ከዋክብት ናቸውና ንቅንቅ አላሉም፤ የተንቀሳቀሰችው ቬስታ ነበረች። እልል ማለት አማረኝ፤ ጎረቤት ተኝቷል።

ከዚያ ወዲህ የማነበው ስለ እርሷ ነው። ቬስታ ስፋቷ 525 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በ2011 እ.ኤ.አ. ዶውን የተባለችው መንኮራኩር ዙሪያዋን ስትቃኝ ገጽታዋ ባዛልት፣ ማለትም ቀልጦ የረጋ ድንጋይ መሆኑን አረጋገጠች። ባዛልትን ደግሞ ወሎ ውስጥ የማያውቀው ማን አለ? የአያቴ ወፍጮም መጁም ባዛልት ነው። ወፍጮው ሲወቀር የሚወጣውን ጥቁር ብናኝ እስካሁን አስታውሳለሁ። የእኛ አገር ባዛልት 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ነው፤ የቬስታው ከ4.5 ቢሊዮን ይበልጣል።

ያን ያህል ትንሽ አካል ምን አቀለጠው? ለእኔ ከሁሉ የሚደንቀው መልሱ ነው። ሥርዓተ ፀሐይ ገና ሲጀምር አቧራው ውስጥ አሉሚኒየም-26 የተባለ ጨረራማ ንጥረ ነገር ነበር፤ ሲፈርስ ሙቀት ይሰጣል፤ በየ700 ሺህ ዓመቱም በግማሽ ይቀንሳል። ከአቧራው ቶሎ የተሰበሰበ አካል ሙቀቱ ሳይጠፋ ስለደረሰ ቀለጠ። ቅቤ ሲነጠር አንጉላው እንደሚዘቅጥ ሁሉ ብረቱ ወደ እምብርቱ ወረደ፣ ክብደቱ ቀለል ያለው ድንጋይ ከላይ ቀረ። የምድራችን የብረት እምብርትም የተለየው በዚሁ ዓይነት መንገድ ነው። ዘግይተው የተሰበሰቡት ግን አልቀለጡም። በ2020 እ.ኤ.አ. ርዩጉ ከተባለው አስትሮይድ የመጣው 5.4 ግራም አፈር፣ ማዕድኖቹ ሳይቀልጡ በውሃ የተለወጡ ሆነው ተገኝተዋል። ስለዚህ አንድ አስትሮይድ መቅለጥ አለመቅለጡ መቼ እንደተሰበሰበ ይናገራል።

ለምን ሳያድጉ ቀሩ ለሚለው፣ የጁፒተር ስበት እያወካቸው መጣበቃቸውን ትተው መጋጨት ጀመሩ። በማርስና በጁፒተር መካከል የቀረው ሁሉ ቢደመር የጨረቃን ክብደት 3 በመቶ ያህል ብቻ ነው።

ቬስታ በ2019 ዓ.ም. ጥቅምት፣ ክረምቱ ወጥቶ ሰማዩ ሲጠራ እንደገና ትቀርባለች። ከኮምቦልቻም ከሐይቅም ሆናችሁ በየሌሊቱ የምትነቁጡትን ላኩልኝ፤ ከእኔ ደብተር ጋር እናስተያያለን።