ሰማዩን ለአጎቴ ላስረዳ ብዬ

ኅዳር 2017 መጨረሻ ላይ አጎቴ ዘንድ ሄድኩ። ቤታቸው ከደብረ ብርሃን ወጣ ብሎ፣ ወደ መንዝ በኩል ነው። ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ሰማዩ ግን አዲስ አበባ ሆኜ የማላውቀው ሰማይ ነው። ሻንጣዬ ውስጥ 10 በ50 ባይኖኩላር ይዣለሁ። አሥር እጥፍ ታቀርባለች፤ 50 የፊት መስታወቷ ስፋት ነው፣ በሚሊሜትር።

ገና ሳወጣት የአጎቴ ባለቤት «እስቲ ኮከቤን ቁጠርልኝ» ብለው የእናታቸውን ስም ነገሩኝ። ሥነ ፈለክና ኮከብ ቆጠራ ለየቅል መሆናቸውን ባስረዳም አላሳመንኳቸውም መሰለኝ።

ምዕራብ ላይ ደምቃ የወጣችውን እያሳየሁ «ጋሼ፣ ያቺ አጥቢያ ኮከብ ናት» አልኩ። ሳቁብኝ። «አጥቢያ ኮከብ በምሽት ምን ትሠራለች?» አጥቢያ ኮከብ የምንላት ቬነስ እንደ ስሟ ኮከብ አይደለችም፤ የፀሐይን ብርሃን የምታንጸባርቅ ፕላኔት ናት። ከእኛ ይልቅ ለፀሐይ ትቀርባለች። ስለዚህ ሁልጊዜ ከፀሐይ ብዙም ሳትርቅ፣ ለወራት ማታ ማታ፣ ከዚያ ደግሞ ለወራት ንጋት ላይ ትታያለች።

ይህን ሲቀበሉኝ ልቤ አበጠና «የብርሃን ዓመት 9.46 ትሪሊዮን ኪሎሜትር ነው» ብዬ ቀጠልኩ።

«ዓመት ከሆነ ኪሎሜትር ምን አገባው?»

መልስ አጣሁ። ትንሽ ቆይቼ «ከዚህ ደብረ ብርሃን በእግር ስንት ነው?» አልኳቸው።

«የግማሽ ቀን መንገድ።»

በቃ! እሳቸው ዕድሜ ልካቸውን ርቀት የለኩት በጊዜ ነው። የብርሃን ዓመት ብርሃን ዓመት ሙሉ ሳያርፍ የሚሄደው መንገድ ነው። ጨረቃ የአንድ ሰከንድ ከምናምን መንገድ ናት፤ ፀሐይ የስምንት ደቂቃ። ሰባቱ ከዋክብት ደግሞ ወደ 440 ዓመት። ያን ማታ ያየነው ብርሃናቸው የተነሣው በአፄ ሠርፀ ድንግል ዘመን ነው ማለት ነው።

አጎቴ ጋቢያቸውን ሰብሰብ አደረጉ። «እና አሁን አሉ?»

አሉ። ለኮከብ 440 ዓመት ምንም አይደለም።

«አፄ ዘርዓ ያዕቆብ ያዩት ብርሃንስ?» ደብረ ብርሃን ስሟን ያገኘችበትን ማለታቸው ነው። በፈረንጆች 1456 የሃሌይ ጅራታም ኮከብ ታይቶ ስለነበር፣ ሁለቱን የሚያገናኙ የታሪክ ሰዎች አሉ። ጅራታም ኮከብ በረዶና አቧራ ነው፤ ፀሐይ ስታሞቀው ጅራት ያወጣል። ሃሌይ በየ76 ዓመቱ ገደማ ይመለሳል፣ ቀጣዩ በፈረንጆች 2061 ነው።

ባይኖኩላሯን በእጄ ይዤ ጁፒተርን ማሳየት አልቻልኩም። እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ትንፋሽ መስታወቱን ያደበዝዛል። መፍትሔው የግቢው የድንጋይ ካብ ሆነ። ባና አጥፌ አስደገፍኳት፤ ጁፒተርና አጠገቡ ያሉት ነጥቦችም ረጉ። ጨረቃም ግማሽ መሆኗ በጀኝ። ሙሉ ስትሆን ፀሐይ ፊት ለፊት ስለምትመታት ጠፍጣፋ ትመስላለች፤ በግማሿ ግን የብርሃኑ ጠርዝ ላይ የጉድጓዶቹ ጥላ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

ትንሿ የአጎቴ ልጅ ካቡ ላይ ተንጠልጥላ አየች። ጁፒተር አጠገብ አራት ጨረቃዎች ይታያሉ፣ ጋሊሊዮ በፈረንጆች 1610 ያያቸው፣ ብያታለሁ።

«ሦስት ናቸው።»

«አራት ናቸው፣ ደህና አድርገሽ እዪ።»

«ሦስት!»

አየሁ። ሦስት ናቸው። አንዷ ከጁፒተር ኋላ ወይ ፊቱ ላይ ሆና ነው የምትሰወረው፤ ይህን ሳልናገር ነበር ቁጥር ያዘዝኳት። በማግስቱ ማታ ከእኔ ቀድማ ካቡ ላይ ወጥታ ጠበቀችኝ። አጎቴም መጡ።

«ጥጆቹ ተሟሉ?» አሏት።

«አራቱም ገብተዋል።»